ከመጠጡ ባሻገር ጠጪውንም እንይ

ቅዳሜ ሌሊት የትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዞ መንገድ ዳር ሲቆም፣ መሣሪያው የሚነግረው የአልኮሉን መጠን ብቻ ነው። አብረው እኩል ከጠጡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ታክሲ ይዞ ሲሄድ ሌላው ለምን መኪናውን እንደሚያስነሳ አይነግርም።

የሥነ ልቦና ጥናቶች በዚህ ረገድ ጠባይን ደጋግመው ያነሳሉ። ሳያስብ የሚቸኩልና ደስታን በአደጋ ውስጥ የሚፈልግ ወጣት፣ ጠጥቶ የማሽከርከርና የመደባደብ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥም ወደ መጠጥ ይገፋሉ፤ የእነዚህ ጠጪዎች ፍላጎት ግን በአብዛኛው ሕመማቸውን ማደንዘዝ ነው።

ይህ ለጥፋት ማመካኛ አይሆንም። ጠባይ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ይገራል። ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኮንሮድ የቀረጹት «ፕሪቬንቸር» የተሰኘ ፕሮግራም፣ በእነዚሁ አራት ጠባዮች፣ ማለትም በችኩልነት፣ በአደጋ ፈላጊነት፣ በጭንቀትና በተስፋ መቁረጥ፣ የተለዩ ተማሪዎችን በሁለት የቡድን ውይይቶች ብቻ እያሠለጠነ፣ በለንደን ትምህርት ቤቶች መጠጥን መቀነስ ችሏል።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ አልኮል እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክላለች። እርምጃው ተገቢ ነው። ሆኖም የዕድሜ ገደቡ በ21 ዓመት ሲያበቃ ችኩልነት አብሮ አያበቃም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ሳይፈርጁ ራስን መግዛት የሚያስተምር የምክር አገልግሎት ያጠናክሩ። ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ወጣትም ከቅጣቱ ጋር ምክር ያግኝ። ቅጣት ብቻውን ያንኑ ወጣት ያንኑ መንገድ ላይ መልሶ ያመጣዋል።