የጌትስ ፋውንዴሽን የአመራር ለውጥ ከዶራሌ ሲታይ፦ ለቀጣናው ሳይንስ የቀሩት ዓመታት

በጅቡቲ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው ዶራሌ የኢትዮጵያ ገቢ ንግድ ዋነኛ በር ነው። ከመርከብ የወረደው ዕቃ በባቡር ከሆነ በድሬዳዋ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው በጋላፊ በኩል ወደ መሐል አገር ይጓዛል። በዚህ የንግድ መስመር ጫፍ በ2012 ያልተጠበቀ እንግዳ ተመዘገበ፤ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር የሆነች የወባ ትንኝ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ታማሚ ቁጥር 27 ብቻ ነበር። አገሪቱ በሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት ተቃርባ ነበር። በ2020 ግን ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ደረሰ። ይህችን ትንኝ ለመግታት በጅቡቲ ከተሞከሩት መንገዶች ይበልጥ ያነጋገረው የገንዘብ ድጋፍ ያገኘው ከአንድ የግል በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሜሪካዋ ሲያትል ያደረገው ጌትስ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ በ2045 መጨረሻ ሥራውን አጠናቆ እንደሚዘጋ አስታውቋል።

በመሆኑም በሲያትል ማን ይመራል፣ ማንስ ይወስናል የሚለው ጥያቄ ለጅቡቲና ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የሳይንስ ምርምራቸው በየትኛው በሽታ ላይ እንደሚያተኩር፣ የትኛው ቤተ ሙከራ እንደሚጠናከር፣ የትኛው ወጣት ተመራማሪ በአገሩ እንደሚቆይ በከፊል የሚወሰነው እዚያ ነው።

ከወደብ እስከ ድሬዳዋ

አባቶቻችን “ንዳድ” ሲሉ የሚጠሩት ወባ በኢትዮጵያ የቆላ፣ የገጠርና ዝናብን ተከትሎ የሚመጣ በሽታ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። አዲሷ ትንኝ ይህን ልማድ አፍርሳለች። የምትራባው በውሃ ታንከር፣ በበርሜልና በግንባታ ሥፍራ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህም በከተማ፣ ያውም በደረቁ ወራት ሳይቀር ትገኛለች።

በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ የድሬዳዋ ወረርሽኝ ተከተለ። ከተማዋ በ2019 የመዘገበችው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ቁጥሩ ከ2,400 አለፈ። ወረርሽኙን ከዚህች ትንኝ ጋር በማያያዝ ያረጋገጠው ጥናት የተመራው በአዲስ አበባው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ፍጹም ታደሰ ነው።

በጅቡቲ ደግሞ በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሠፈር ዘረመላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞች ተለቀቁ። ወንድ ትንኝ አይናከስም፤ ከዱር ሴቶች ጋር ሲራባ ግን የሚወለዱት ሴቶች ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞታሉ። ቴክኖሎጂው የብሪታንያው ኦክሲቴክ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራው የሚካሄደው ከጅቡቲ ብሔራዊ የወባ መቆጣጠሪያ ፕሮግራምና ሙቱዋሊስ ከተባለው አገር በቀል ማኅበር ጋር ነው። ጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ይሰጣል።

የአሜሪካ መንግሥት በ2025 የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቱን ካፈረሰና የውጭ ዕርዳታውን ከቀነሰ በኋላ የግል ለጋሾች ክብደት ይበልጥ ጨምሯል። ኢትዮጵያ ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችን መዝግባለች። የዚህ ወረርሽኝ ዋነኛ ምክንያት አዲሷ ትንኝ ናት ማለት አይቻልም፤ ግጭት፣ የአየር ንብረት፣ የመድኃኒትና የመከላከያ ዘዴዎች መዳከም ድርሻ አላቸው። ሆኖም በወባ ምርምር የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር የት እንደሚውል የሚወስነው አካል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል።

ከሦስት ሰዎች ወደ ቦርድ

ጌትስ ፋውንዴሽን የተመሠረተው በ2000 ነው። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ባለአደራዎቹ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ቢል ጌትስ፣ ሜሊንዳ ፍሬንች ጌትስ እና ባለሀብቱ ዋረን ቡፌት። የበርካታ አገሮችን የጤና በጀት የሚያስከነዳ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ተቋም በባልና ሚስት እና በአንድ ወዳጃቸው እጅ ነበር ማለት ነው።

በ2021 ጥንዶቹ ፍቺያቸውን ይፋ አደረጉ። በሰኔ ወር ቡፌት ከባለአደራነት ለቀቁ። በጥር 2022 ፋውንዴሽኑ ከመሥራቾቹ ውጪ አራት ሰዎችን በቦርዱ ሰየመ። ከእነዚህ መካከል የዚምባብዌው የቴሌኮም ባለሀብት ስትራይቭ ማሲይዋ፣ በግብፅ የተወለዱት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሚኖሽ ሻፊቅ እና ከየካቲት 2020 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት፣ ትውልዳቸው ደቡብ አፍሪካ የሆነው ማርክ ሱዝማን ይገኙበታል። በሰኔ 2024 ሜሊንዳ ተሰናበቱ። ለራሳቸው በጎ አድራጎት ሥራ የሚውል 12.5 ቢሊዮን ዶላርም ተመደበላቸው።

ቀጣዩ ለውጥ ከሁሉም የከበደ ነበር። በግንቦት 2025 ቢል ጌትስ ከሀብታቸው 99 በመቶውን በፋውንዴሽኑ በኩል እንደሚያወጡ፣ በ20 ዓመታት ውስጥ 200 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሎ እንደሚያልቅና ተቋሙ ታኅሣሥ 31 ቀን 2045 እንደሚዘጋ ገለጹ። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ባሰሙት ንግግር የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል በአፍሪካ እንደሚውል ተናገሩ።

የቦርዱ መስፋት ትርጉም አለው። አንድ ቤተሰብ ሲበተን ተቋሙ አልተበተነም፤ ይህም ለብዙ ለጋሽ ድርጅቶች ትምህርት ነው። ነገር ግን ተጠያቂነቱ አሁንም ወደላይ እንጂ ወደታች አይደለም። የአሜሪካ የግብር ሕግ አንድ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከንብረቱ 5 በመቶ ገደማ ለበጎ ሥራ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ያወጣውን ገንዘብ ለሚቀበለው ሕዝብ መልስ እንዲሰጥ ግን የሚያስገድደው ነገር የለም። በአፍሪካ የተወለደ ሰው በቦርድ መቀመጡ ድምፅን ያቀርባል፤ የድሬዳዋ ጤና ቢሮ ወይም የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በአጀንዳው ላይ ሥልጣን አለው ማለት ግን አይደለም።

ባለቤትነት ሲጎድል

ይህ ክፍተት በተግባር ምን እንደሚያስከትል በነሐሴ 2025 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ታይቷል። በዋናነት በጌትስ ፋውንዴሽን የሚደገፈው ታርጌት ማላርያ የተባለ ፕሮጀክት ዘረመላቸው በተለወጠ ትንኞች ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በወታደራዊው መንግሥት ትእዛዝ እንዲቆም ተደረገ። የአገሬው ተመራማሪዎች የደከሙበት ሥራ ነበር። ሆኖም በብዙዎች ዓይን የውጭ ሰዎች ሙከራ ሆኖ በመታየቱ፣ የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር የሚከላከልለት የአገር ውስጥ ኃይል አላገኘም።

ይህ ማለት ግን ገንዘቡ በአፍሪካውያን እጅ ከገባ ችግሩ በራሱ ይፈታል ማለት አይደለም። መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚ የአህጉሪቱን ትልልቅ የምርምር ድጎማዎች የማስተዳደር አደራ ተጥሎበት ነበር። በ2021 በአስተዳደር ጉዳይ ውዝግብ ሲነሣ ዌልካም፣ ጌትስ ፋውንዴሽንና የብሪታንያ መንግሥት ድጋፋቸውን አቋረጡ። ፕሮግራሞቹም በዚያው ከተማ ወደ ተቋቋመው ሳይንስ ፎር አፍሪካ ፋውንዴሽን ተዛወሩ። የአካዳሚው ውድቀት የሚያስተምረው ጠንካራ ቦርድ፣ ግልጽ ሒሳብና ሥርዓት ያለው የሥልጣን ርክክብ የሌለው ተቋም ባንዲራው የማንም ይሁን አደራ ሊሸከም እንደማይችል ነው።

ሁለት የኢትዮጵያ ምሳሌዎች

ኢትዮጵያ ሁለቱንም መንገዶች በታሪኳ አይታለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጽሑፍ፣ በሥነ ጥበብና በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፎች ሽልማት ይሰጥ ነበር። ከበደ ሚካኤል፣ አፈወርቅ ተክሌና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተሸልመውበታል፤ ከውጭ ምሁራንም ቮልፍ ሌስላው ይገኙበታል። ድርጅቱ የዘመኑን ምሁራን ያነቃቃ ነበር። ነገር ግን ህልውናው ከንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ጋር የተሳሰረ ስለነበር በ1974 ዙፋኑ ሲወድቅ አብሮ ቆመ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከላይ የጠቀስነው የአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ነው። በ1970 የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት፣ በሥጋ ደዌ ላይ ምርምር ለማድረግ ነበር። ስያሜውም የበሽታውን ተህዋስ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም የተወሰደ ነው። በ2004 ግን ወደ ኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። የውጭ ለጋሽ የተከለው ተቋም ባለቤት አገኘ፤ ዛሬም ከተለያዩ ለጋሾች ጋር ይሠራል እንጂ በአንዱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ድሬዳዋ ላይ ትንኟን ለይቶ ለዓለም ያሳወቀውም ይኸው ቤት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ መጠን አይደለም። የመጀመሪያው ደጋፊውን ያከብር ነበር፤ ሁለተኛው ደጋፊው ከሄደ በኋላ የሚቆም አመራር አፈራ።

እስከ 2045 ምን ይደረግ?

የብሪታንያው ዌልካም መሥራቹ ሄንሪ ዌልካም በ1936 ካረፉ በኋላ ሀብቱን እያለማ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጌትስ ፋውንዴሽን የመረጠው ሌላውን መንገድ፣ ገንዘቡን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አውጥቶ መዝጋትን ነው። ምርጫው አስቸኳይ ለሆነ በሽታ ፈጣን መልስ ይሰጣል። ለተቀባዩ አገር ግን የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል። ዛሬ ዶክትሬቱን የጀመረ ወጣት የወባ ተመራማሪ ፋውንዴሽኑ ሲዘጋ ገና በሙያው አጋማሽ ላይ ይሆናል።

በፋውንዴሽኑ በኩል የሚጠበቀው ቀዳሚ ነገር ከፕሮጀክት ወደ ተቋም መሸጋገር ነው። ፕሮጀክት በሦስትና በአምስት ዓመት ያልቃል። ቤተ ሙከራ፣ የተመራማሪ ቋሚ ደመወዝና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ይቀራሉ። በትምህርት በኩል የዚህ ዓይነት ጅምር አለ፤ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2017 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ማዕከል ያደረገ የነፃ ትምህርት ፕሮግራም ይደግፋል። ገንዘቡ ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው አቅም ሲውል ዋጋው ከለጋሹ ዘመን ይሻገራል።

በመንግሥታት በኩልም ያልተከፈለ ዕዳ አለ። የአፍሪካ ኅብረት አባላት ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል በ2006 ካርቱም ላይ ተስማምተው ነበር፤ አብዛኞቹ እስካሁን አልደረሱበትም። የአገር ውስጥ ድርሻ የሌለበት ምርምር አጀንዳውን ከለጋሹ ጋር እኩል ተቀምጦ መደራደር አይችልም። ኢትዮጵያ ይህን ከግብርና ታውቀዋለች። በ2010 የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በፋውንዴሽኑ ድጋፍ ሲጀመር የመጀመሪያ መሪው ኻሊድ ቦምባ ከዚያው ፋውንዴሽን የመጡ ነበሩ። ኤጀንሲው ግን በሕግ የቆመ የመንግሥት ተቋም ስለነበር ዛሬ ኢንስቲትዩት ሆኖ ቀጥሏል።

ሦስተኛው ጉዳይ ድንበር ነው። ትንኟ ከዶራሌ እስከ ድሬዳዋ ያለውን መስመር እንደ አንድ አገር ትቆጥረዋለች፤ ቁጥጥሩና ምርምሩ ግን በጅቡቲ ለብቻ፣ በኢትዮጵያ ለብቻ ይታቀዳል። የምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት የልማት ባለሥልጣን፣ ኢጋድ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚሁ በጅቡቲ ከተማ ነው። ወደቡን፣ የባቡር ጣቢያዎቹንና በመስመሩ ያሉ ከተሞችን በአንድነት የሚከታተል፣ የሁለቱ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሩት የጋራ የምርምር ቋት ለማቋቋም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። ለጋሹ ቋቱን ሊሞላ ይችላል፤ ቁልፉ ግን በቀጣናው እጅ መሆን አለበት።

የጌትስ ፋውንዴሽን የአመራር ታሪክ እንዳሳየው ሦስት ሰዎች የያዙት ሥልጣን በአራት ዓመት ውስጥ መልኩን ሊለውጥ ይችላል። በቀሩት ዓመታትም ሥራ አስፈጻሚው፣ ቦርዱና የትኩረት አቅጣጫው መለወጣቸው አይቀርም። ጅቡቲና ኢትዮጵያ እነዚህን ለውጦች መከላከል አይችሉም። በእነሱ እጅ ያለው እያንዳንዱ የድጋፍ ስምምነት ሲፈረም ገንዘቡ ሲያልቅ ቤተ ሙከራውን ማን ይረከባል፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ መረጃው የማን ይሆናል ብለው መጠየቅና መልሱን በውሉ ላይ ማስፈር ነው። ለዚህ ደግሞ እስከ 2045 መጠበቅ አያስፈልግም።