ወንዝ ዳር አድራችሁ ከተመለሳችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ

ሰሞኑን "ገጠር ገብቼ ታደስኩ" የሚሉ ፎቶዎች በዝተዋል። ደስ ይላል፣ እኔም እንዲህ ያለ ጉዞ እወዳለሁ። ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ጥፋቱ የራሴም ስለሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ ከአክስቴ ልጅና ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሄድን። የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ አይተን በብርድ ስንንቀጠቀጥ "ለምን ወደ ቆላው አንወርድም?" ተባለ። በአልዩ አምባ በኩል ወረድን፤ ጃኬታችን ገና ቁልቁለቱ ላይ ወለቀ። ቁጥቋጦ መሃል፣ ወንዝ ዳር፣ አምስት ስድስት ጎጆ ያላት መንደር ደረስን። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ከውሃውና ከወፍ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። እውነት ለመናገር የዚያን ሌሊት ዓይነት እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ያሳደሩን እናት ሲመሽ "ልጆቼ፣ ከወንዙ ዳር ተነሱ፣ ንዳድ አለ" አሉን። እሺ ብለን ሌላ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ማታ አጎበር ሰጡን፤ ይሞቃል ብለን ጠቅልለን ጥግ ላይ አስቀመጥነው። ለካ በቤቱ ያለው አጎበር እሱ ብቻ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ለእኛ ብለው ያለ አጎበር አደሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት። "ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ውሰድ" አልኩት። አብሬው ወንዝ ዳር ያደርኩት ሐኪም! ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ታይፎይድ ተባለና መድኃኒት ጀመረ። የት እንደነበር የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። በአምስተኛው ቀን አክስቴ "ልጁ ይቀባጥራል፣ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል" ስትለኝ ነው የነቃሁት። ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ፣ በመርፌ አርቴሱኔት ተሰጥቶት ተረፈ።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው፦ ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ ላብራቶሪ ከመታዘዙ በፊት "በቅርቡ የት ነበርክ?" መባል አለበት። ካልተጠየቃችሁም እናንተው ተናገሩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ደጋ ላይ ለሚሠራ ሐኪም ወባ ቶሎ ላይታሰበው ይችላል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ወባን ስለማያውቀው ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ባወጣው መረጃ፣ ከዚያ በፊት ባሉት አሥር ወራት ገደማ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

"ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ትንኟ የምትራባው በሚፈሰው ውሃ ሳይሆን ክረምቱ ሲወጣና ወንዙ ሲጎድል ዳር ዳሩን በሚቀሩት ኩሬዎች ነው። ለሽርሽር የምንመርጠው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የእሷም ጊዜ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል "ከሄድኩ ቆየሁ እኮ" ብላችሁ አትተዉት።

መዋኘት የምትወዱ ደግሞ ቢልሃርዚያን አስቡ። በየወንዙ አለ ማለቴ አይደለም፣ በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ እንዶድ የበሽታውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። ከዋኛችሁ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራና የሽንት ምርመራ አድርጉ፤ ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።

አትሂዱ አላልኩም። እኔም በዓመቱ አጎበሮች ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። እናትየዋ ገና ሲያዩኝ "ያ ቀጭኑ ልጅ የታለ?" አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እኛ ቤትስ በዚያ ሰሞን ሁለቱ ሕፃናት ታመው አልነበር" አሉ።