ከወጣት ሱፐርኖቫዎች የሚጠበቀው ጋማ ጨረር የት ገባ?

በብዙ የፊዚክስና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ውስጥ «የጠፈር ጨረሮች ምንጭ ሱፐርኖቫ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ተማሪው ያሰምርበታል፤ ፈተና ላይም ይጽፈዋል፤ መምህሩም ትክክል ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ይህ አባባል ገና በምርመራ ላይ ያለ መላምት እንጂ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም እንላለን። ይህን የምንለው ለክርክር ያህል አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት የተካሄዱት ፍለጋዎች ያስገኙትን፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ ያላስገኙትን፣ ውጤት ተመልክተን ነው።

እንደሚታወቀው ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ከ5 ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ባደረገው ልኬታ፣ ጨረሩ ከፍ በተባለ ቁጥር እየበረታ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ስለሆነም ምንጩ ከምድር ውጪ መሆኑ ታወቀ፤ ሄስም በ1936 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ ጨረር በአብዛኛው በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚጓዙ ፕሮቶኖችን የያዘ ነው። ከየት እንደሚመጡ ግን ዋልተር ባዴና ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1934 አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የግዙፍ ኮከብ ፍንዳታ ነው አሉ። ሒሳቡም ያስኬዳል። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በመቶ ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ከዋክብት ቢፈነዱና እያንዳንዱ ፍንዳታ ከእንቅስቃሴያዊ ጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ለቅንጣቶች ቢያካፍል፣ የምናየው የጠፈር ጨረር ሁሉ ሊሸፈን ይችላል። ሊሸፈን መቻሉ ግን አንድ ነገር ነው፤ በእርግጥም ከዚያ መምጣቱ ሌላ።

ማስረጃ ማግኘት ያስቸገረው ፕሮቶን ኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ነው። በከዋክብት መካከል ያለው መግነጢሳዊ መስክ መንገዱን ስለሚያጣምመው፣ ምድር ላይ ሲደርስ የመጣበት አቅጣጫ ስለ ትውልድ ቦታው ምንም አይነግረንም። ጋማ ጨረር ግን ሙል የለውም፤ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። በፍንዳታው ውስጥ የተፋጠነ ፕሮቶን በአካባቢው ካለ ጋዝ ጋር ሲጋጭ ፓዮን የሚባል ቅንጣት ይፈጠራል፤ ሙል አልባው ፓዮንም ወዲያውኑ ወደ ሁለት የጋማ ጨረር ፎቶኖች ይለወጣል። እያንዳንዱ ፎቶን በአማካይ ከፕሮቶኑ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህሉን ይዞ ይወጣል። በመሆኑም 100 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን ካየን፣ በዚያ ሥፍራ 1000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የደረሰ ፕሮቶን ነበረ ማለት እንችላለን። በረጨታችን ውስጥ የሚወለደው የጠፈር ጨረር ቢያንስ እስከዚህ ጉልበት መድረስ አለበት ተብሎ ይታመናል።

እስካሁን የተገኘው ማስረጃ በከፊል አበረታች ነው። በናሚቢያ ኮማስ ደጋ፣ በ1800 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉትና በቪክቶር ሄስ ስም የሚጠሩት የአህጉራችን ቴሌስኮፖች በ2004 የአንድ የሱፐርኖቫ ቅሪት ቅርፊት በጋማ ጨረር ሲያበራ አሳይተዋል። ፈርሚ የተባለችው ሳተላይት ደግሞ በ2013 በሁለት አሮጌ ቅሪቶች ላይ የፓዮንን ግልጽ አሻራ አገኘች። እነዚህ ግን ከሚፈለገው ጉልበት እጅግ ዝቅ ያሉ ናቸው። ከ340 ዓመት በፊት ገደማ የፈነዳው የካሲዮፕያ ቅሪት እንኳ፣ በ2017 በታተመው የማጂክ ቴሌስኮፖች ልኬት መሠረት፣ ጨረሩ ከጥቂት ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ በፍጥነት ይመናመናል። ታዲያ ኃይለኛዎቹ ፕሮቶኖች የት ተፈጠሩ? ብዙ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ፍንዳታው የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ግዙፍ ኮከብ ከመፈንዳቱ በፊት ለብዙ ዘመን ጋዝ በነፋስ መልክ ይተፋል፤ ይህ ጋዝ ከኮከቡ አጠገብ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን በርቀት ይሳሳል። የፍንዳታው ሞገድ በሴኮንድ 10 ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ እየገሰገሰ ይህን ጋዝ ሲመታ፣ ፍጥነቱም፣ ጥግግቱም፣ መግነጢሳዊ መስኩም ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚገኙት በዚያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ እዚሁ ላይ መጋረጃ ጥላለች። አዲሱ ሱፐርኖቫ የሚረጨው ተራ ብርሃን እጅግ ብዙ ስለሆነ ጋማ ፎቶኖች ከብርሃን ፎቶኖች ጋር እየተጋጩ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይለወጣሉ፤ ከዚያ ወጥተው ወደ እኛ የሚደርሱት ይቀንሳሉ። ጨረሩ በብዛት የሚፈጠርበት ጊዜና በብዛት የሚዋጥበት ጊዜ ይደራረባሉ ማለት ነው።

ወደ ፍለጋዎቹ እንምጣ። በ1987 በታላቁ የማጀላን ደመና፣ በ168 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት፣ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ የጃፓን፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ፊዚሲስቶች በኒውዚላንድ ተራራ ላይ በጥድፊያ መሣሪያ ተከሉ። ጸንቶ የተረጋገጠ ምልክት ግን አልተገኘም፤ መሣሪያዎቹም የዘመኑ ነበሩ። የናሚቢያው ቡድን በ2019 ባሳተመው ጽሑፍ በፈነዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለከታቸውን 10 ሱፐርኖቫዎች መርምሮ ከአንዳቸውም ጋማ ጨረር አለማግኘቱን ገለጸ። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓናዊው አማተር የፈለክ ተመልካች ኮይቺ ኢታጋኪ በ22 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ አዲስ ሱፐርኖቫ አገኘ። ፈርሚ ሰማዩን ሁሉ በየሦስት ሰዓቱ የምትቃኝ ስለሆነች መረጃው በእጅ ነበረ። ምንም አልታየም። ከዚህም በመነሳት ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅንጣቶች የተካፈለው ጉልበት 10 በመቶ ሳይሆን እስከ 1 በመቶ ዝቅ ያለ ሊሆን እንደሚችል አሰሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ችኩል ትርጓሜዎች ይሰማሉ። አንዱ «ሱፐርኖቫ ምንጭ አይደለም» የሚል ነው። ይህ አያስኬድም፤ የጋዙ አቀማመጥ የተዛባ ቢሆን፣ ወይም ማፋጠኑ ከወራት በኋላ ቢጠናከር፣ ስሌቱ ይለወጣል። ሌላው «ሩቅ ስለሆነ ነው፤ መላምቱ አልተነካም» የሚል ነው። እኛ ይበልጥ የምንፈራው ይህንኛውን ነው። ምንም ዓይነት ምልከታ ሊጎዳው የማይችል መላምት ሳይንሳዊ ዋጋው ምንድን ነው? 10 በመቶ የሚለው ቁጥር ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም ኖሮ በልኬት የተገኘ እስኪመስል ደርሷል፤ ቁጥሩ ግን ከሒሳቡ ፍላጎት የመጣ ነው።

የቴሌስኮፕ ጊዜ ውድ መሆኑን እናውቃለን። የምድር ላይ የጋማ ቴሌስኮፖች ጨለማ ሌሊት ስለሚፈልጉ በዓመት የሚሠሩት 1000 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ለማይታይ ነገር የተሰጠ ሰዓት ከሚታየው ላይ የተነጠቀ ነው የሚሉት ወገኖች ተሳስተዋል አንልም። ሆኖም ቅርብ ለሆነ እያንዳንዱ ሱፐርኖቫ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ብቻ ሳይሆን መጋረጃው ከተገፈፈ በኋላም፣ በሳምንታትና በወራት ልዩነት፣ ጥቂት ሰዓታት ሊመደቡለት ይገባል ብለን እናምናለን። አሥር ጊዜ በጥንቃቄ የተለካ «የለም» መላምቱን ወደ ጥግ የሚገፋው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሥራ ለባለ ትልልቅ ቴሌስኮፕ አገሮች ብቻ የተተወ አይደለም። የፈርሚ መረጃም ሆነ መተንተኛው ፕሮግራም ለማንም ክፍት ነው፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የአንድን ሱፐርኖቫ የላይኛ ወሰን ራሱ ሊያሰላ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥናት «ምንም አልተገኘም» ብሎ ቢደመደም የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ መቅረብ አለበት። ፈታኞችም ውጤት የለውም ብለው ሳይሆን ወሰኑ በትክክል መሰላቱን አይተው ሊመዝኑት ይገባል።

ጊዜውም ያሳስበናል። ሱፐርኖቫ የሚፈነዳበትን ሰዓት አይመርጥልንም፤ በ1987 የታየው ዓይነት በድጋሚ ቢመጣ፣ ከ2023ቱ ጋር እኩል ብርቱ ቢሆን እንኳ፣ በቅርበቱ ብቻ 17 ሺህ እጥፍ ያህል ደምቆ ይታያል። ፀሐይ ባለችበት አቅጣጫ ወይም በሙሉ ጨረቃ ከሆነ ግን የናሚቢያዎቹም ሆኑ በቺሊ ፓራናል የሚገነቡት ቴሌስኮፖች ሊያዩት አይችሉም፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የሳተላይት ዓይን ነው። ፈርሚ ደግሞ በ2008 የመጠቀችው ለአምስት ዓመት አገልግሎት ታስባ ነበር።