የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ መስመሩ አይነሳ

በከተማችን በደብረ ታቦር የጎዳና ላይ ሩጫ በተዘጋጀ ቁጥር የሚወራው ስለ ፊተኞቹ ነው። ማን አንደኛ ወጣ፣ በስንት ደቂቃ ገባ፣ ሽልማቱስ ምን ያህል ነው። ይገባቸዋል፤ ለማሸነፍ የሚሮጥ ልጅ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ፣ ብርድ እየቆረጠው የለፋበት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ደክሟቸው ስለሚሮጡት ሰዎች ነው። አስተማሪዋ የፈተና ወረቀት ስታርም አምሽታ፣ ነርሱ የሌሊት ተራውን ጨርሶ፣ የሱቅ ሠራተኛው ሳምንቱን ሙሉ ቆሞ ሲሸጥ ሰንብቶ፣ እናት ሕፃን ስታባብል አድራ፣ እሑድ ጠዋት ቲሸርቱን ለብሰው መነሻው ላይ ይሰለፋሉ። ቁጥራቸው ከፊተኞቹ በብዙ ይበልጣል፤ ሩጫውን የከተማ ሩጫ የሚያሰኙትም እነሱ ናቸው።

ደብረ ታቦር ላይ 5 ኪሎ ሜትር አጭር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ቆም ብሎ ያስብ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል። ቢሆንም ዳገት ሲመጣና ፍጥነት ሲጨመር ጡንቻ የሚፈልገውን ያህል አያገኝም፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ባትና ጭን ይቃጠላሉ። ዳገት ደግሞ አገራችን አያጣም። ከወረታ የሚመጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በወዲያኛው በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ቆሟል።

ለደከመ ሰው አጭሩ ሩጫ ከረጅሙ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። በረጅም ርቀት ሰው ቀስ ብሎ ይሟሟቃል፤ ከድካሙ ጋር የሚታረቅበት ጊዜ ያገኛል። በ5 ኪሎ ሜትር ግን ሙዚቃው ሲደምቅና ወጣቱ ሲፈተለክ ሁሉም በአንድ ላይ ይወጣል። የደከመ ሰው ያን ግፊት ተከትሎ ከሮጠ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ያልቅለታል። ስለ እንቅልፍና ስለ ስፖርት የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ አንድ ነገር አሳይተዋል፦ አንድ ሌሊት በቅጡ ያልተኛ ሰው ልቡና ሳንባው ያን ያህል አይሰንፉም፤ ነገር ግን ሌላ ቀን በቀላሉ የሚሮጠው ፍጥነት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ የደከመ ሰው ዝግ ብሎ ሲነሳ ስንፍና አይደለም። ትክክለኛው አሯሯጥ እሱ ነው።

እኔም በቅርቡ በከተማችን ሩጫ የሮጥኩት እንደዚያ ደክሞኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ከሰነበትኩበት ሳምንት በኋላ እግሬ ገና ሳልነሳ ዝሎ ነበር። ስንለቀቅ ሁሉም ጥሎኝ ሲሄድ ዝም አልኩ። ከኋላ ሆኖ መሮጥ ፊት ያሉት የማያዩትን ያሳያል። ሁለት ሴቶች ቋንጃቸውን ይዘው ቆም እያሉ፣ አንዷ ሌላዋን ሳትጥል ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ፀጉራቸው የሸበተ አንድ አባት እየተራመዱ፣ ቁልቁለት ሲያገኙ ብቻ ሶምሶማ ይሉ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እያጣፉ «አይዞህ ልጄ፣ በርታ» እያሉን አለፉ። የባጃጅ ሹፌሮች ጥሩንባቸውን ነፉልን። በዚያ ቃል የተነሳ ያልቆመ ሰው ምን ያህል እንደሆነ ሯጭ ሁሉ ያውቀዋል።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን መስመሩ ተነስቶ ነበር። ባነሩ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ሲጫን ደረስን። ውኃው አልቋል፣ ድምፅ ማጉያው ተነቅሏል፣ ሽልማቱም ተሰጥቶ ተጠናቋል። እነዚያ ሁለት ሴቶች የት ጋ እንደሚጨርሱ ጠፍቷቸው አስፋልቱ መሐል ዙሪያቸውን ሲያዩ በጣም አዘንኩ። እንደ ሌላው ተመዝግበው፣ እንደ ሌላው ከፍለው፣ ከሌላው ይበልጥ ደክመው የመጡ ናቸው።

የኋለኞቹን ሳይጠብቁ መስመሩን ማንሳት ከባህላችን ጋር አይሄድም። በአገራችን ደንብ በሥራ ላይ ያለ ሰው በዝምታ አይታለፍም። የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አጠገብ ስናልፍ «ያበርታችሁ» እንላለን። ስንት ጥማድ አረስክ ብለን ጠይቀን አይደለም የምንመርቀው። ድካሙን አይተን ነው።

የሩጫ ታሪካችንም ይህንኑ ያስተምረናል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ የተካሄደውን የኦሊምፒክ ማራቶን ያስቡ። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ከ400 ሜትር በላይ ትበልጣታለች። የዚያ ኦሊምፒክ አየር ብዙ ታላላቅ ሯጮችን አንበርክኳል። አውስትራሊያዊው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሮን ክላርክ ከ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ በኋላ ራሱን ስቶ በኦክስጅን ነበር የተረዳው። በማራቶኑ ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ ወርቁን አመጣልን። ይህን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። በዚያው ውድድር መጨረሻ የገባው ግን ታንዛኒያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ እያነከሰ፣ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ ሲመሽ ስታዲየሙ ገባ። የሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት አልቋል፣ አብዛኛው ተመልካች ሄዷል። መስመሩ ግን በቦታው ነበር፤ የቀሩትም ሰዎች በጭብጨባ ተቀበሉት። ዓለም ዛሬም ድረስ ያስታውሰዋል። ያን ቀን ባነሩ ቀድሞ ተጠቅልሎ ቢሆን ኖሮ የሚታወስ ነገር አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ድካምና ሕመም ይለያያሉ። ትኩሳት ያለበት፣ ደረቱን የሚወጋው፣ የሚያዞረው፣ በእግሩ አጥንት ላይ ሕመም የሚሰማው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ከጀመረም ያቁም። በዚያው የሜክሲኮ ማራቶን አበበ ቢቂላ፣ ሮምንና ቶኪዮን በተከታታይ ያሸነፈው ጀግና፣ እግሩ ተጎድቶ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወጣ። ክብሩ በዚህ ቅንጣት አልቀነሰም። ሳምንት ሙሉ ሠርቶ የዛለ ጤነኛ ሰው ግን ሌላ ነው። እሱ ውኃውን ጠጥቶ፣ ከተገኘም በሶውን በጥብጦ፣ ዝግ ብሎ ቢነሳ ምንም አይሆንም። ይልቁንም ብዙ ጊዜ ከመነሻው ይልቅ መጨረሻው ላይ ቀሎት ይገኛል።

ስለዚህ ለሩጫ አዘጋጆች ሁሉ ልመና አለኝ። እየተራመደ የሚመጣ ሰው እንኳ 5 ኪሎ ሜትርን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ይጨርሳል። የመጨረሻውን ሰው መጠበቅ የሚጠይቀው ያቺን ጥቂት ደቂቃ ነው። ለኋለኞቹ የሚሆን ውኃ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከመጨረሻው ሯጭ ኋላ የሚሄድ አንድ መኪና ወይም አንድ በጎ ፈቃደኛ መድቡ፤ የሚያመው ሰው ቢኖር ብቻውን አይቀርም፣ መንገዱም ሁሉም ካለፉ በኋላ ይከፈታል። ሽልማቱን ለአሸናፊዎች ስጡ፤ ባነሩን ግን አትንኩት። በሚቀጥለው ሩጫ ማስታወቂያም ላይ ከመነሻው ሰዓት ጎን መስመሩ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚቆይ ጻፉልን።