ትንሿ ናሙና እንዳትጠፋ

እ.ኤ.አ. በ1905 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ሉዊስ ዊልሰን ሚኒያፖሊስን ለቆ በሮቼስተር ከተማ ወደሚገኘው የሜዮ ወንድማማቾች ሐኪም ቤት ተዛወረ። ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሜዮ ታካሚው ገና በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ሳለ እብጠቱ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይሻ ነበር። ዊልሰን ሕብረ ሕዋሱን አቀዝቅዞ፣ በስሱ ቆርጦና በሜቲሊን ብሉ አቅልሞ መልሱን በደቂቃዎች ውስጥ አደረሰ።

ይህ ፍጥነት ሊወደስ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዛሬም አብዛኛው የባዮፕሲ ምርመራ የሚከናወነው በዝግታው መንገድ ነው። ናሙናው በፎርማሊን ይጠበቃል፤ ውኃው በአልኮል ይወጣል፤ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። በመርፌ የተወሰደች የጥቂት ሚሊሜትር ቅንጣት በዚህ ጉዞ በካሴቱ ቀዳዳ ልትሾልክ፣ ከክዳኑ ጋር ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በመቆንጠጫ ጫፍ ተይዛ ወደ ሌላ ሰው ናሙና መሻገሯ ነው፤ የአንዱ ካንሰር በሌላው ስም ሊነበብ ይችላልና።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቅንጣቷን በሌንስ መጥረጊያ ወረቀት መጠቅለል፣ በሰሙ ውስጥ እንድትታይ በኢዮሲን ጠብታ ማቅለም፣ በአንድ ጊዜ አንድ ካሴት ብቻ መክፈት፣ መቆንጠጫውን በየናሙናው መሐል ማጽዳት ነው። አልኮል ውስጥ ከልክ በላይ የቆየች ቅንጣት ስለምትሰባበር፣ ለትንንሽ ናሙናዎች አጭር ጊዜ መመደብም ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን ወደ ካሴቱ የገቡትን ቅንጣቶች ቆጥሮ መመዝገብና በሰም ሲቀመጡ ዳግም መቁጠር ይገባል።

«ከጠፋ እንደገና ይወሰዳል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ትንሽ እብጠት በመጀመሪያው ናሙና ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ ገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣ ታካሚም ለሁለተኛ ጉዞ ስንቅ አይኖረው ይሆናል።

በሚኒያፖሊስም ሆነ በሌላ ከተማ ሆነው ለአገር ቤት ሆስፒታሎች የላቦራቶሪ መሣሪያ ለመላክ የሚያስቡ ወገኖች ይህን ሊያጤኑት ይገባል። ዘመናዊ ማሽን የገባለትን ናሙና ያቀነባብራል እንጂ የጎደለውን ቆጥሮ አይጠይቅም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከማሽኑ በፊት ለባለሙያው ሥልጠና፣ ለወረቀቱና ለቆጠራ መዝገቡ ገንዘብ ይመደብ።