የአንዲት ፊደል ዋጋ

እንግሊዝኛ ለመደበቅ ይመቻል። "አይ ላቭ ዩ" ያለ ገጣሚ ለወንድ ይበለው ለሴት፣ ከቃሉ ማንም አያውቅበትም። አማርኛ ግን አይምርም። ወይ "ናፈቅከኝ" ነው ወይ "ናፈቅሽኝ"፤ መሃል ቤት የለም። በ"እወድሃለሁ" እና በ"እወድሻለሁ" መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። በዚህች ፊደል የተነሳ ሰው ከቤቱ ይባረራል፣ ከሥራው ይባረራል፣ ይደበደባል፣ ይታሰራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህች ፊደል ነው፤ እሷን ሳይቀይር ግጥሙን የሚልክበት ውድድር ስለሌለው ገጣሚም ነው።

ቻፕቡክ የሚባል ነገር አለ። ከሃያ እስከ አርባ ገጽ የምትሆን፣ በስቴፕለር የተመታች ወይም በክር የተሰፋች፣ በጥቂት ቅጂ የምትታተም የግጥም መድበል ናት። ትልቅ አሳታሚ የማይነካውን ሥራ ትንሹ አሳታሚ በቻፕቡክ ያወጣዋል። አሜሪካ ውስጥ ሮን ሞሪንግ የተባለ ገጣሚ በ2007 እ.ኤ.አ. ሰቨን ኪችንስ ፕሬስ የሚባል ትንሽ አሳታሚ አቋቋመ። ከሚያወጣቸው ተከታታይ ሥራዎች አንዱ በገጣሚዋ በሮቢን ቤከር ስም የተሰየመ ሲሆን ለኤልጂቢቲኪው ጸሐፊዎች ብቻ የተከፈተ ነው። ቻፕቡኩ ሀብታም አያደርግም። ገጣሚው የሚያገኘው "አነበብንህ" የሚል መልስ ነው።

"እሱ አሜሪካ ነው" እንዳትሉኝ። ናይጄሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እስከ 14 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ ናይጄሪያዊው ሮሚዮ ኦሪዮጉን፣ ወንድ ለወንድ ስላለው ፍቅርና ፍቅሩ ስለሚያስከፍለው ዋጋ በጻፋቸው ግጥሞች የብሩኔልን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት አሸነፈ። ሕጉ አልተቀየረም። ግጥሞቹ ግን አሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው። "ግጥም ጾታ የለውም። ጥሩ ከሆነ የትም ያሸንፋል። የተለየ ውድድር ለምን?" ጥሩ። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ የፍቅር ግጥም ጽፎ ለአንድ የግጥም ስብስብ ላከ። ግጥሙ ተመረጠ። ታትሞ ሲመጣ "ህ" የነበረው ሁሉ "ሽ" ሆኗል። አዘጋጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታይፕ ስህተት መስሎት ነው ያረመው። አንዱ ስንኝ ላይ "ስጠብቅህ" የሚለው ቃል "ንጹህ" ከሚለው ጋር ቤት ይመታ ነበር። "ስጠብቅሽ" ሲሆን ቤቱ ፈረሰ። አዘጋጁ ይህንን አላየም፤ ወይም አይቶ አልፎታል። ወንድ ወንድን እየጠበቀ ነው ብሎ ከማመን ይልቅ ገጣሚው ቤት መምታት አይችልም ብሎ ማመን ቀለለው። እንግዲህ "ጥሩ ከሆነ የትም ያሸንፋል" የሚባለው ይኼ ነው። አሸነፈ እኮ! የታተመው ግጥም ግን የእሱ አይደለም።

ደግሞ ነገሩን በደንብ ካየነው፣ ወንድ "ናፈቅከኝ" ብሎ መጻፉ ለአማርኛ አዲስ አይደለም። ሴት ድምፃውያን ከዘፈኗቸው የፍቅር ዘፈኖች ስንቱን ግጥም ወንድ ነው የጻፈው? ወንድ ቁጭ ብሎ፣ ሲጋራውን እያጨሰ፣ ስለ ወንድ ዓይንና ስለ ወንድ ትከሻ ጽፎ ለዘፋኟ ይሰጣል። እኛም ሠርግ ላይ እንጨፍርበታለን። ማንም አልደነገጠም። ስለዚህ የምንፈራው ቃሉን አይደለም። የምንፈራው ቃሉ ከጻፈው ሰው ልብ የመጣ ከሆነ ነው። ለሌላ ሰው ሲዋስ ጥበብ እንለዋለን፤ ለራሱ ሲሆን ነውር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይመጣል፣ በጣምም ያናድደኛል። "የቅኔ ሀገር ነን። ሰምና ወርቅ አለን። ለምን በሰምና ወርቅ አይጽፉትም?" ሰምና ወርቅ ትልቅ ጥበብ ነው። ግን ጥበብ የሚሆነው ባለ ቅኔው ወርቁን ሲደብቅ አድማጩ ፈልጎ እንዲያገኘው ስለሚፈልግ ነው። ወርቁ ሲገኝ "ይበል!" ይባላል። እዚህ ግን ወርቁን ያገኘ ሰው "ይበል" አይልም፤ ስልኩን አውጥቶ ይጠቁማል። አድማጩ እንዳያገኘው እየጸለይክ የምትጽፈው ነገር ቅኔ አይደለም። መደበቂያ ነው። መደበቂያን በግድ ሰጥቶ "እንዴት የሚያምር ባህል አለን" ማለት ደግሞ ፌዝ ነው።

ቅኔ ከተባለ፣ እነሱ አንድ ቃል ቀድመው ተቀኝተዋል። እርስ በርስ "ዜጋ" እንደሚባባሉ በጋዜጣም በጥናትም ተጽፏል። ወርቁን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የገረመኝ ግን ሰሙ ነው። ዜጋ፣ የሀገር ሰው። ከዚህ የበለጠ ምን ጠየቁን?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር። ውጭ ሀገር በሚዘጋጁ ውድድሮች ይሳተፉ የሚሉ አሉ። ፎርሙን አይታችሁታል? በእንግሊዝኛ ጻፍ፣ በካርድ ዶላር ክፈል፣ ፎቶህንና አጭር የሕይወት ታሪክህን አያይዝ። ዶላሩ ራሱ ለብዙዎቻችን በሩን ይዘጋዋል። ከዶላሩ የሚብሰው ግን ቋንቋው ነው። ያደግኩት ተጂ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትሄዱ ሰበታን አልፋችሁ። ገበያው ላይ ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በኦሮምኛ "አቲ" ለወንድም ለሴትም ነው፤ አንተ ወይም አንቺ ብሎ መምረጥ የለም። አማርኛ ነው በየስንኙ መታወቂያ የሚጠይቀው። በ2020 እ.ኤ.አ. ክሪስ ቤኬትና ዓለሙ ተበጀ ያዘጋጁት የአማርኛ ግጥም መድበል በእንግሊዝኛ ታትሞ ሲወጣ ደስ ብሎኛል፤ ግጥማችን ይተርጎም። ግን ያ ልጅ የጻፈው "ህ" በየትኛውም ትርጉም "ዩ" ነው የሚሆነው። ድፍረቱ ያለው ደግሞ እዚያች ፊደል ላይ ነው። እንግሊዛዊ ዳኛ አያያትም። እኛ ብቻ ነን የምናያት። ስለዚህ ውድድሩ በአማርኛ፣ አማርኛ በሚያነቡ ዳኞች መሆን አለበት።

እንዴት? እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ ስለዚህ ከስሜት ወርጄ ስለ አሠራር ላውራ።

በመጀመሪያ አደጋውን እንወቀው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። የሚያወራው ስለ ድርጊት እንጂ ስለ ግጥም አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ የመግለጽን ነፃነት ያረጋግጣል። ግን መንደርተኛ አንቀጽ ቆጥሮ አይደበድብም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፉ "ይገደሉ" የሚሉ ቪዲዮዎች ይዞሩ ነበር። በዚህ ሀገር የተወዳዳሪዎች ስምና ስልክ የተጻፈበት አንድ የኤክሴል ፋይል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በሙያችን የምናውቀው ነገር ያልሰበሰብከው ዳታ አይሰረቅም። ስለዚህ ስም አይጠየቅ፤ የብዕር ስምም ቢሆን። ስልክ አይጠየቅ፤ ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ፋይል አይላክ፤ የዎርድ ፋይል የኮምፒውተሩን ባለቤት ስም በሆዱ ይዞ ይዞራል። ግጥሙ ሳጥን ውስጥ ይለጠፍ፣ ላኪው እንደ ፈተና መለያ ቁጥር አንድ ኮድ ይያዝ፣ ሰርቨሩ ከየት እንደመጣ አይመዝግብ። ያላለፈው ሥራ ሁሉ ውድድሩ ሲያልቅ ይጥፋ። ሽልማቱ ብር ከሆነ ባንክ ስም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሽልማቱ መታተም ይሁን። ሃያ አራት ገጽ ፒዲኤፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ። አሸናፊው በግጥሙ ርዕስ ይታወጅ።

"ባለቤት የሌለው አሸናፊ ምን አሸናፊ ነው?" ትሉ ይሆናል። እስቲ እህል ስትፈጭ ያንጎራጎረችውን ሴት ስም ማን መዘገበው? የሙሾ አውራጇንስ? ዛሬም የምንቆጥራቸው የቃል ግጥሞች ባለቤታቸው አይታወቅም። ስማችንን ሽፋኑ ላይ በትልቁ መጻፍ የጀመርነው ማተሚያ ቤት ከመጣ በኋላ ነው።

ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። መድበሉን አንብብ ብሎ የሚያስገድደው የለም። አለማንበብ መብቱ ነው። ሌላው እንዳይጽፍ ማድረግ ግን ከአለማንበብ በጣም ይርቃል።

እዚህ የደረሰ አንባቢ ምላሱ ላይ አንድ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። "ቆይ፣ አንተ ራስህ ነህ እንዴ?" አልመልስም። ስለ ገበሬ የጻፈን ሰው ገበሬ ነህ ወይ አንለውም። "አይደለሁም" ብል ጽሑፉን ታምኑት ይሆናል፤ "ነኝ" ብል ትጥሉት ይሆናል። በሁለቱም በኩል ያነበባችሁት እኔን እንጂ የጻፍኩትን አይደለም። ስም የማይጠይቅ ውድድር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ ውድድር ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ማወጅ አይቻልም። ውጭ ያላችሁ ግን ትችላላችሁ። ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌን የመሰሉ፣ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከመግለጫው ጎን ለጎን ሦስት ዳኛና አንድ ፒዲኤፍ ብዙ ወጪ አይደለም። ሶፍትዌሩን እኔ በነፃ እጽፋለሁ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።

ሀገር ውስጥ ላላችሁ አዘጋጆች ደግሞ የምጠይቀው ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ቀን የማታውቁት ሰው "ስጠብቅህ" ብሎ ይልክላችኋል። ካልወደዳችሁት አትምረጡት። ከመረጣችሁት ግን አታርሙት።