ከቤተ ሙከራ ወይስ ከጎተራ? በጎጃም በቆሎ ዘር ላይ ሙግት

*ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ የሚቀርበው የበቆሎ ዘር በዘረመል ሳይንስ እየታገዘ በፍጥነት ይሻሻል ወይስ ገበሬው ዘሩን ራሱ ወደሚይዝበት መንገድ ይመለስ? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።*

ዲቃላው ይፍጠን
*በዘር ብዜት ሥራ ላይ ያሉ የእጽዋት ማዳቀል ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም*

ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ወምበርማ የሚታየው በቆሎ የባኮ ምርምር ማዕከል ባለዕዳ ነው። ባኮ ቢኤች 660ን በ1993፣ ቢኤች 661ን ደግሞ በ2011 ለቀቀ። ሁለቱም ሦስት ወላጅ ያላቸው ዲቃላዎች ናቸው፤ ሁለቱ ወላጆች አስቀድመው ይዳቀላሉ፣ ልጃቸው ከሦስተኛው ጋር ይዳቀላል።

በ1990 የአገሪቱ የበቆሎ ምርት በአማካይ በሄክታር 16 ኩንታል ነበር። በ2013 ከ30 ኩንታል አለፈ። በ2004 በተሻሻለ ዘር የሚሸፈነው የበቆሎ መሬት 14 በመቶ ነበር፤ በ2013 40 በመቶ ደረሰ። በዚያው ጊዜ ማዳበሪያም ጨምሯል። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ ከዘሩ አቅም በላይ ምርት አያወጣም።

በሽታና ተባይ ግን እኛን አይጠብቁም። በ2011 ኬንያ ላይ የታየው የበቆሎ ገዳይ ቫይረስ በ2014 እኛ ዘንድ ደረሰ። መጤ ተምች በ2017 ገባ። በቀድሞው መንገድ አንድ ንጹሕ ወላጅ መስመር ለማውጣት ተክሉን በገዛ ብናኙ እያራቡ ከስድስት እስከ ስምንት ትውልድ መጠበቅ ነበረብን፤ እስከዚያ ድረስ በሽታው አገር ያዳርሳል። ድርብ ሐፕሎይድ የሚባለው ዘዴ ይህን ወደ ሁለትና ሦስት ወቅት ያወርደዋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የአባት በቆሎ ብናኝ ሲነሰነስ፣ ከሚያዙት ፍሬዎች ጥቂቶቹ የእናታቸውን ክሮሞዞም ብቻ ይዘው ይወለዳሉ። በዓይን ይለያሉ፦ ሌላው ፍሬ አናቱም ጽንሱም ሐምራዊ ሲሆን የእነዚህ ጽንስ ነጭ ይሆናል። ቡቃያው ኮልቺሲን ሲነካው ክሮሞዞሙ እጥፍ ይሆንና ፍጹም ንጹሕ መስመር ይወጣል። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ይህን የሚሠራ ጣቢያ በኬንያ ኪቦኮ በ2013 ከፍቷል።

የዘረመል ምልክት ደግሞ ሌላ ጊዜ ያተርፋል። ከቡቃያው ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ ይመረመራል፤ ክሮሞዞም 6 ላይ ያለው የገዳዩ ቫይረስ መቋቋሚያ መኖር አለመኖሩ ተክሉ ሳያብብ ይታወቃል። ይኸው ምርመራ በከረጢት ውስጥ ያለው ዘር በእርግጥ ቢኤች 661 መሆኑን ይናገራል። ለእኛ አካባቢ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በብዜት ማሳ የእናት ረድፉ የወንዴ አበባ ብናኝ ሳይረጭ በእጅ መነቀል አለበት፤ አንድ ቀን ከታለፈ እናቲቱ ራሷን ታዳቅላለች። ማሳው ከጎረቤት በቆሎ መራቅም አለበት። መሬት በቃዳ በሚለካበት በጃቢ ጠህናን ያንን ርቀት ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ሠርቶ ያየ ያውቀዋል።

የዲቃላን ፍሬ አስቀምጦ መዝራት ኪሳራ ነው። ዲቃላው ከወላጆቹ የሚበልጥበት ምርት በሁለተኛው ትውልድ ይቀንሳል፤ ሁለት ወላጅ ካለው የብልጫው ግማሽ፣ ሦስት ወላጅ ካለው አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ ምርቱን በገዛ እጁ ይጥላል።

ዘር ከገበሬው እጅ አይውጣ
*መምህርት፣ የገበሬ ልጅ፣ ቡሬ*

አባቴ ዘር የሚመርጠው ቆሞ ካለው በቆሎ መካከል ነበር። ከማሳው ዳር አይወስድም፤ የጎረቤት በቆሎ ዳሩን እንደሚነካው ያውቃል። እስከ ጫፉ የሞላውን፣ ሽፋኑ ጥብቅ ያለውን፣ ወፍ ያልነካውን ለይቶ ሽፋኑን ወደ ኋላ ይመልስና ጥንድ ጥንድ አስሮ ከምድጃ በላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል። በሰኔ ጎረቤት ዘር ቢያልቅበት ከዚያ ወርዶ ይሰጠዋል፤ ለዘር ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር።

ዛሬ ያ ሰው አርጅቶ በየዓመቱ ወረፋ ይቆማል። አንድ ዓመት ዝናቡ በጊዜው ገባ፣ መሬቱ አራት ጊዜ ታረሰ፣ ዘሩ ግን አልመጣም። ሰዉ ጠዋት ሄዶ ማታ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጎረቤታችን ወይፈኑን ሸጠና ከመንገድ ላይ የተሰፋ ከረጢት ገዛ። ከዘራው ግማሹ አልበቀለም። የከሰሰው የለም፤ ማንን ይክሰስ? በዚያ ክረምት ልጁ ከእኔ ክፍል ቀረ።

ስለ ክሮሞዞም የሚጽፉ ሰዎች ስለዚያ ልጅ እንዲጽፉ እፈልጋለሁ። ገበሬውን በየዓመቱ ከሌላ ሰው መጋዘን ደጅ የሚያቆም ዘር፣ ኩንታሉ ቢበዛም፣ ነጻነቱን ይወስድበታል። ማረሻው የእሱ ነው፣ በሬው የእሱ ነው፤ የሚዘራው ግን የእሱ አይደለም።

ሁሉም አንድ ዘር ሲዘራ ምን እንደሚደርስ አሜሪካ በ1970 አይታለች። የወንዴ አበባ መንቀሉ እንዲቀር ሲባል አብዛኛው የአገሪቱ ዲቃላ በቆሎ ከአንድ ዓይነት የእናት ወገን ተወለደ። ያንን ወገን የሚያጠቃ ፈንገስ ተነሣና ከአገሪቱ ምርት 15 በመቶ ያህሉን በላው። እዚያ መድን አለ፣ መንግሥትም ሀብታም ነው። ወምበርማ ላይ ቢሆንስ?

ዶክተር መላኩ ወረደ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነበር። በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንካችንን መርተዋል፤ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ ታግለዋል። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ወደ ሌላ ዞሯል። በ2009 የወጣው፣ ልውጥ ሕያዋንን የሚቆጣጠረው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ጠንካራ ነበር፤ በ2015 ተሻሽሎ ላላ። በ2018 የባክቴሪያ ዘረመል የገባበት ጥጥ ተፈቀደ። ዘረመሉ የተለወጠው፣ ቴላ የሚባለው በቆሎም መልካሳ ላይ ተሞከረ። ዛሬ ምልክት፣ ነገ ዲቃላ፣ ከነገ ወዲያ ባለቤትነቱ የሌላ የሆነ ዘረመል እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ደጃችን ይመጣል።

የባለሙያው መልስ

ለሙያዬ ስል ይህን ማረም አለብኝ። ዲቃላ በቆሎ ሌላ ነው፣ ልውጥ ሕያው ሌላ ነው። ቢኤች 660 ውስጥ የባክቴሪያ ዘረመል የለም። በቆሎ ከበቆሎ ጋር በእጅ ተዳቀለ፣ በቃ። የዘረመል ምልክት ደግሞ ያለውን ያነባል እንጂ ምንም አይጨምርም፤ የሐኪም የደም ምርመራ ለታማሚው ደም እንደማይጨምር ሁሉ። መምህርቷ ሦስቱን በአንድ አንቀጽ አሰልፈው ተማሪዎቻቸውን ካስፈሩ በኋላ፣ ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንኳ ወደ ሆለታ የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ለመግባት አይመኝም። ይህ ያናድደኛል።

ደግሞም በቆሎ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ የእኛ ጥንታዊ ዘር አይደለም። ጥንተ ቤቱ ሜክሲኮ ነው፤ ወደ አፍሪካ የገባው ኮሎምበስ አሜሪካን ከረገጠ በኋላ ነው። ዶክተር መላኩን ከልቤ አከብራለሁ፤ ብዝኀነቱን የምንጠብቅለት ሰብል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በቆሎ ላይ ፍጥነት ያስፈልገናል።

የመምህርቷ መልስ

“ይህን የማያውቅ ገበሬ” የሚለው ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

አባቴ ያውቃል። ዲቃላውን አስቀምጦ በዘራበት ዓመት ቁመቱ እኩል እንዳልሆነ፣ ፍሬው እንዳነሰ በዓይኑ አይቷል። አንድ ሦስተኛ የሚለውን ቁጥር አልተማረም እንጂ ጎተራው ነግሮታል። ያስቀመጠው ለከረጢቱ የሚከፍለው ስላጣ ነው። የሴት አያቴ ዘር መራጭ ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ከእሷ ጎተራ ዘር ያልወሰደ የመንደሩ ሰው አልነበረም። ምርምር የሚባለው ነገር ከእነዚህ ሰዎች ቤት እንደሚጀምር የማያምን ባለሙያ ማሳቸውን አይቶት ቢሆንም አላወቀውም።

በቆሎው ከሜክሲኮ መጣ መባሉም ምንም አይለውጥም። ስንት ትውልድ በጎጃም አፈር የዘራው፣ የመረጠው፣ ለብርዱና ለዝናቡ ያለማመደው ማን ነው? በርበሬስ ከዚያው አይደል የመጣው? የቡሬን በርበሬ የእኛ አይደለም የሚል ካለ ገበያ መጥቶ ለሻጮቹ ይንገራቸው።

ሳይንስን አልጠላም። ገበሬው አስቀምጦ መልሶ ሊዘራው የሚችል፣ በነፋስ የሚዳቀል የተሻሻለ ዝርያም የዚያው የባኮ ልጅ ነው፤ ኩሌኒና ጊቤ 1 ከእነዚህ ናቸው። ምርታቸው ከቢኤች 661 ያንሳል፣ አውቃለሁ። ታዲያ በዘረመል ምልክት በሽታ መቋቋሚያው እነርሱ ላይ ለምን አይፈለግም? ሻጭ በየዓመቱ ስለማያተርፍባቸው ከሆነ፣ የሕዝብ ምርምር የተቋቋመው ሻጭ የማያተርፍበትን ለመሥራት ነው። ከ12.5 ኪሎው የዲቃላ ከረጢት ጎን የእነዚህም ከረጢት በየቀበሌው መጋዘን ይቀመጥ። ሁለቱም ከግንቦት በፊት ይድረሱ።